ከገደሉ ሥር፣ ከበረሃው አፋፍ

ከማጀቴ ሆኖ ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው የግሼና የመንዝ ገደል እንደ ግንብ ተገትሮ ያየዋል። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ሲያዞር ደግሞ መሬቱ እየወረደ የጨፋን ረግረግ አልፎ ወደ አፋር ሜዳ ይዘረጋል። ገደሉ አናት ላይ ገብስና ባቄላ ይዘራል፤ ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይነሣም፣ ሰዉም ጋቢውን ደርቦ ይውላል። ታች ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት ይበቅላል፤ ወባ አለ፣ ቀትር ላይም ከጥላ መውጣት ይከብዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በካርታ ሲለካ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በይፋት ደቡባዊ ጫፍ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ተነሥቶ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት በሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪው መንገዱ ሳይጋመስ ሹራቡን ማውለቅ ይጀምራል። በየ100 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚጨምር፣ ያ አውቶቡስ በአንድ ጠዋት ከደጋ ተነሥቶ ወይና ደጋውን አቋርጦ ቆላ ይገባል።

ስለ ድርቅና ስለ ሰው አሰፋፈር ስናስብ ብዙዎቻችን የምንነሣው ከአንድ ቀላል ሐሳብ ነው፤ ዝናብ ካለ ሰው ይሰፍራል፣ ዝናብ ከጠፋ ይሰደዳል ወይም ያልቃል። በዚህ ሐሳብ ደረቅ ምድር ማለት ሰው የተሻለ ሲያጣ የሚጠጋበት መሬት ነው። ይፋትና በውኃ ከይፋት ጋር የተሳሰሩት አገሮች የሚመሰክሩት ግን ሌላ ነው። በተለዋዋጭ ደረቅ ምድር ላይ ሰው ይህን ያህል ዘመን የዘለቀው አንድ ጥሩ ቦታ አግኝቶ ስለተተከለበት አይደለም፤ ጠባያቸው የተለያየ ቦታዎችን በአንድ ኑሮ ስላያያዘ ነው። ወንዝና ጉብታን፣ ሜዳና ገደልን፣ ከብትና እህልን አጣምሮ የያዘ ሰው አንዱ ሲከዳው በሌላው ይቆማል። ማያያዣው ሲበጠስ ግን ያው ድርቅ ረሀብ ይሆናል። ይህን ለማሳየት ከሩቁ ዘመን፣ ከይፋትም ራቅ ብሎ መጀመር ያስፈልጋል።

በአማራ ክልል ምዕራባዊ ጫፍ፣ በመተማ በኩል፣ ሽንፋ የሚባል ወንዝ አለ። በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ደግሞ ተቆራርጦ ኩሬ ብቻ ይሆናል። በአሜሪካዊው ተመራማሪ በጆን ካፔልማን የሚመራ ቡድን በዚህ ወንዝ ዳር የቆፈረውን ጥንታዊ ሰፈር ውጤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት አሳትሟል። ሰፈሩ 74,000 ዓመታት ገደማ ያስቆጠረ ነው። በአፈሩ ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ቅንጣቶች ተገኝተዋል፤ የመጡትም በኢንዶኔዥያ ሱማትራ ደሴት ላይ ከፈነዳው ከታላቁ የቶባ እሳተ ገሞራ ነው። በሰጎን እንቁላል ቅርፊት ላይ የተደረገው ኬሚካላዊ ምርመራ ደግሞ በዚያው ዘመን አካባቢው ይበልጥ እንደደረቀ አሳይቷል። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው ለኛ ክርክር የሚጠቅመው። ሰዎቹ ሰፈሩን ጥለው አልጠፉም፤ ከምግብ ቅሪታቸው መካከል የዓሣው ድርሻ ግን በእጅጉ ጨመረ። ምክንያቱን ለመገመት የበጋ ወንዝ ያየ ሰው መሆን ይበቃል። ጅረቱ ሲቋረጥ ዓሣው በኩሬ ውስጥ ይታገታል፤ ኩሬው በጠበበ ቁጥር ውኃው ይደፈርሳል፣ ዓሣውም ለእጅ ይቀርባል። ለመጠጣት የሚመጣው የዱር እንስሳም ወደዚያችው ኩሬ ይሰበሰባል። በሰፈሩ የተገኙት ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ሹሎች የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ተመራማሪዎቹ ጽፈዋል። አንዱ ኩሬ ሲያልቅ ሰዎቹ አሸዋማውን የወንዝ መውረጃ ይዘው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ስለዚህ የደረቀው ወንዝ አጥር ሳይሆን መንገድ ሆነላቸው። የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣው በዝናባማ ዘመን በለመለመ መተላለፊያ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብም ይህ ግኝት ጥያቄ ውስጥ ከቶታል።

ወደ ይፋት እንመለስ። ሮቢ፣ ጀውሃና ቦርከና ከገደሉ ሥር ወርደው ወደ አዋሽ ያመራሉ፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር ላይ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። የይፋት ዝናብ መጨረሻው በረሃ ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው ማለት ነው። በዚህ የውኃ መስመር ላይ የሰው ታሪክ እጅግ ረጅም ነው፤ በመካከለኛው አዋሽ በሄርቶ የተገኙት የ160,000 ዓመታት የራስ ቅሎች የቀደመው የኛው ዘር ናቸው፣ እነርሱም በሐይቅ ዳር ጉማሬ ያርዱ ነበር። ከዛሬ 11,000 ዓመታት ገደማ ጀምሮ ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትዞርበት አኳኋን በመለወጡ የክረምቱ ዝናብ በረታ፤ ዛሬ በረሃ የሆነው ሰሃራ እንኳ ሣርና ሐይቅ ነበረው። በአገራችን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሐይቅ ሆነው ትርፍ ውኃቸው ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የአቤ ሐይቅም ወደ 6,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ነበረው፤ ይህም ከዛሬው ጣና እጥፍ ገደማ ነው። ከ5,000 ዓመታት ገደማ በፊት ያ የዝናብ ዘመን አበቃ። ሐይቆቹ ሸሹ፤ የዓሣ አጥማጁ ዳርቻ ሜዳ፣ ሜዳው ደግሞ የጨው አፈር ሆነ።

ያን ጊዜ ሰው ምን አደረገ? ከአቤ ሐይቅ አጠገብ በጅቡቲ ጎባድ ሜዳ ላይ አሳ ኮማ የሚባል ጉብታ አለ። ከ4,000 እስከ 3,500 ዓመታት በፊት እዚያ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ከቅሪታቸው እንደታየው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ያድናሉ፣ ጥቂት ከብትም አላቸው። ከብት ወደ አፍሪካ ቀንድ የገባው ሐይቆቹ በሸሹበት በዚያው የድርቀት ዘመን ነው። አዋሽን ሽቅብ ተከትለን ስንሄድ በመተሐራ አጠገብ በበሰቃ ሐይቅ ዳርም ከ3,500 ዓመታት ገደማ በፊት የከብት አጥንት ተገኝቷል። የሰው ልጅ ከአደን ወደ እርባታ፣ ከእርባታ ወደ እርሻ በደረጃ «ሠለጠነ» የሚለው የትምህርት ቤት ታሪክ እዚህ ላይ አይሠራም። የአሳ ኮማ ሰዎች ዓሣውን ትተው ከብት አልያዙም፤ ዓሣው ላይ ከብት ጨመሩ። ዓሣ ከሐይቁ ጋር ይታሰራል፣ ከብት ግን በእግሩ ሄዶ ሣር ይፈልጋል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ብሂል በወዳጅ ላይ ብቻ አይሠራም፤ ሐይቁ በሚሸሽበት አገር ለጎጆ መሥሪያም መመሪያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። «ድርቀቱን ያመጣው ራሱ ሰው ነው፤ ደን መንጥሮ፣ ከብት አብዝቶ ምድሩን አራቆተ፤ ታዲያ ይህን ምን ብሎ መላመድ ይቻላል?» የሚል። ተቃውሞው እውነት አለው። ከይፋት በስተሰሜን፣ ከደሴ ወዲያ ባሉት በሐይቅና በሐርዲቦ ሐይቆች ሥር የተቀመጠው ጭቃ የ3,000 ዓመታት የአበባ ብናኝ ይዟል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ መሐመድ ዑመር የተሳተፈበትና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ይህን ብናኝ በየንብርብሩ ቆጥሮ እንዳሳየው፣ የዝግባና የጥድ ደኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ገደማ ተመንጥሮ በክትክታ ቁጥቋጦና በሣር ተተካ፤ ይህም ለ1,800 ዓመታት ያህል ቆየ። ይሁንና ታሪኩ እዚያ አላበቃም። ከ1400 እስከ 1700 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ባለው ጊዜ የጥድና የወይራ ደን ተመልሶ አገሩን ሸፈነ፤ እንደገና የተመነጠረው ባለፉት 300 ዓመታት ውስጥ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የምድሩ መለዋወጥ ከሰማይ ብቻ የመጣ አይደለም፣ መጥረቢያውና በሬውም እጅ አለበት። ሁለተኛ፣ «ድሮ ሁሉ ደን ነበር፣ ዛሬ ሁሉ ራቁት ሆነ» የሚለው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚፈስ ትረካ ስሕተት ነው። ደን ሄዷል፣ መጥቷል፣ ዳግም ሄዷል። በዚህ መሃል ሰው በአካባቢው ኖሯል። የሚኖርበት ምድር ሲራቆትም ሲለመልምም መኖር የሚችል አሰፋፈር ያስፈልገው ነበር ማለት ነው።

ያ አሰፋፈር ምን እንደሚመስል ለማየት የይፋት ገደል ጥሩ ምስክር ነው። ሽቅብ፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ፣ አርኪዮሎጂስቶች «የሻይ ባህል» ብለው የሰየሙት፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዘመን የነበረ ሕዝብ ሙታኑን በድንጋይና በአፈር ጉብታ ሥር ይቀብር ነበር። ከመቃብሮቹ የወጡት የብርጭቆ ዶቃዎች በደጋው የተሠሩ አይደሉም፤ ከሩቅ ባሕር ተነሥተው በረሃውን አቋርጠው ሽቅብ የወጡ ናቸው። ቁልቁል ደግሞ የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች ነበሩ። የወላስማ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ ይፋትን ኃይለኛ መንግሥት አደረገ። ግብፅ ውስጥ የጻፈው አል ዑመሪ በ14ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ስለዚህ አገር ሲተርክ የአዝመራውን ዓይነት፣ ሰዉ ቅጠሉን የሚያኝከውን ጫት ሳይቀር ዘርዝሯል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎቹ ፍራንሷ ዣቪየር ፎቬልና ቤርትራን ኢርሽ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ አስበሪ፣ መሳልና ኖራ የተባሉትን የዚያ ዘመን ከተሞች ፍርስራሽ ለጥናት አበቁ። በድንጋይ የተካቡ ቤቶች፣ መስጊዶችና የመቃብር ስፍራዎች ዛሬም ይታያሉ። የቦታ አመራረጣቸውን ልብ ይሏል። ከተሞቹ ሜዳው ላይ አልተዘረጉም፣ ደጋው አናት ላይም አልወጡም። ከገደሉ ሥር በሚዘረጉት ተረተሮችና እርከኖች ላይ፣ ሁለቱ አየር በሚገናኙበት ወገብ ላይ ተቀመጡ።

«ይህማ የጦርነት ሥራ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። በ14ኛው መቶ ዘመን ዓምደ ጽዮንና የይፋት ሱልጣኖች በዚህ ምድር ላይ ተዋግተዋል፤ በ1332 (እ.ኤ.አ.) የተደረገው ዘመቻ በግዕዝ ዜና መዋዕል ተመዝግቧል። በዚህ ዓይን ካየነው ተረተር ላይ መስፈር ከጠላት መከላከያ እንጂ ከአየር ጠባይ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ክርክሩ ግማሽ መንገድ ይሄዳል። መከላከል ብቻ ቢሆን ዓላማው፣ ሸዋ ለመውጣት አንድ መንገድ ብቻ ያላቸው አምባዎች ሞልተዋት ወገብ ላይ መቀመጥ ለምን አስፈለገ? ወገቡ የሚሰጠውን ሌላ ቦታ አይሰጥም። ከወባው ክልል ከፍ ይላል፣ ከውርጩም ዝቅ ይላል። ከብት በጠዋት ወደ ሜዳው ወርዶ ማታ ይመለሳል። በተረተሩ ጎን የተካበው እርከን ከገደሉ የሚወርደውን ጎርፍ ያዘገየዋል፣ አፈሩንም ይይዛል። ከሁሉም በላይ ግመል ከዚያ በላይ መውጣት አይሆንለትም፤ በቅሎም ከዚያ በታች ያለውን ሙቀት አይወደውም። ስለዚህ ጭነት የሚራገፍበት፣ ገበያም የሚቆምበት ቦታ እሱው ነው። መከላከያና ኑሮ እዚህ ላይ ተፎካካሪዎች አይደሉም፤ አንዱ ቦታ ሁለቱንም ያገለግላል።

ይህን በቅርብ ለማየት በደዋ ጨፋ ወረዳ ያለችውን የአርጎባዎች መንደር ሾንኬን መመልከት ይበቃል። በአካባቢው ዘንድ ከ900 ዓመት በላይ እንዳላት የሚነገርላት ይህች መንደር በተረተር ላይ ተጣብቃ የተሠራች ናት። ቤቶቹ ከጠፍጣፋ ድንጋይ የተካቡ፣ ጣሪያቸውም አፈር የለበሰ ጠፍጣፋ ነው። ግድግዳው ወፍራም በመሆኑ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያስገባም፣ የሌሊቱን ቅዝቃዜም ቶሎ አይለቅም። ቤት ከቤት ስለሚደገፍ በፀሐይ የሚመታው ጎን ያንሳል። ለቤት የማይሆን ቁልቁለት በካብ ተይዞ እርሻ ሆኗል፤ ለእርሻ የሚሆን መሬት ደግሞ ለቤት አልባከነም። በአንድ ግድግዳ ላይ የጠላት፣ የሙቀት፣ የአፈርና የእንጨት እጥረት መልስ ተካቦ ይታያል።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። «ይፋት መች ቆየና? ሱልጣን ሰዓደ ዲን በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዘይላ ላይ ተገደለ፤ ከተሞቹም ፈርሰዋል። የፈረሰ ነገር እንዴት የመላመድ ምሳሌ ይሆናል?» እዚህ ላይ መንግሥትንና አሰፋፈርን መለየት ያስፈልጋል። ቤተ መንግሥቱ ጠፋ፣ የወላስማ ዘሮችም ወደ ምሥራቅ ሄደው አዳልን መሠረቱ። ወገብ ላይ የመኖር ዘዴው ግን አልጠፋም። የአርጎባ መንደሮች እዚያው ተረተር ላይ ቀሩ፤ ከ400 ዓመታት በኋላም ያው ሥርዓት ሌላ ስም ይዞ ብቅ አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ደጋው ላይ አንኮበር ሲቀመጡ፣ ከታጁራ የሚመጣው የግመል ቅፍለት ፋሬ ላይ ቀረጥ ከፍሎ፣ ከአንኮበር በታች ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ ላይ ይራገፍ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው አህመድ ሐሰን ዑመር የዚህችን የመስቀለኛ መንገድ ከተማ ታሪክ በስፋት አጥንተዋል። አልዩ አምባን ያደከማት ድርቅ አልነበረም፤ የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ በ1917 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ደርሶ ንግዱን ወደ ሌላ መስመር ወሰደው። ቆይቶም ጣሊያኖች ጣርማ በርን በዋሻ በስተው የደሴን መንገድ ሲዘረጉ፣ የመኪናው መንገድ ሰውን ከተረተሩ ወደ ሜዳው ጠራው። ሸዋ ሮቢትን ያሳደጋት ይኸው መንገድ ነው።

ሰው ወደ ሜዳው ቢወርድም የማያያዝ ጥበቡ በእርሻው ውስጥ ይታያል። የይፋት ዝናብ ሁለት ነው፣ በልግና ክረምት። ረጅም ጊዜ የሚወስደው የአገሩ ማሽላ የሚዘራው በሚያዝያ ሲሆን የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ስለዚህ ገበሬው በልጉ ሲጥል ጨክኖ ይዘራል። ማሽላ ትዕግሥተኛ ነው፤ ውኃ ሲያጣ ቅጠሉን ጠቅልሎ ይተኛል፣ ዝናብ ሲመለስ ይነቃል። በልጉ ጨርሶ ከቀረ ግን የማሽላው ጊዜ ያልፋል፣ ገበሬውም ሐሳቡን ይለውጣል። ክረምቱ ሲገባ ጤፍ ይዘራል። ክረምቱ ከዘገየ ደግሞ በሁለትና በሦስት ወር የሚደርሰውን ማሾ ያስገባል። ይህም ካልሆነ በመስከረም መሬቱ በቋጠረው እርጥበት ሽምብራ አለ። ገበሬው ድርቁን አያቆመውም፤ ድርቁ በአንዱ በር ሲገባ ሌላ በር ይከፍታል። በሮቢ ወንዝ ዳር ደግሞ ቦይ ተቀዶ ሽንኩርት በመስኖ ይለማል። የሽንፋ ሰዎች ከኩሬ ወደ ኩሬ ይሄዱ ነበር፤ የይፋት ገበሬ ከሰብል ወደ ሰብል ይሄዳል። የመጀመሪያው በቦታ፣ ሁለተኛው በጊዜ መንቀሳቀስ ነው።

በቦታ መንቀሳቀሱም አልቀረም። ከማጀቴ ዝቅ ብሎ፣ ከከሚሴ አጠገብ የሚዘረጋው የጨፋ ረግረግ በጋውን በሙሉ ሣሩ አይደርቅም። ቦርከናና ጃራ የሚያጠጡት ይህ ሜዳ ለአፋርና ለኦሮሞ አርብቶ አደሮች የክፉ ቀን ጎተራ ነው። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ድርቅ ወቅት የወጣ የተባበሩት መንግሥታት ዘገባ ወደ 50,000 አርብቶ አደሮችና 200,000 እንስሳት እዚያ መጠጋታቸውን ዘግቧል። የሰንበቴ የእሑድ ገበያና የባቲ የሰኞ ገበያም የዚሁ ሥርዓት አካል ናቸው። አፋሩ ግመልና ጨው፣ ደገኛው እህል፣ አርጎባው የሸማ ሥራውን ይዞ ይመጣል። ገበያውን እንደ መሸጫ ብቻ ካየነው ግማሹን ነው ያየነው። አንድ ቆላ ሲደርቅ ከብቱ በእህል የሚለወጠው፣ የሣርና የውኃ ወሬ የሚሰማው፣ የአማችና የዘመድ ዝምድና የሚታደሰው እዚያ ነው።

ማያያዣው ሲበጠስ ምን እንደሚሆን አዋሽ ራሱ አሳይቶናል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቁሞ፣ በተንዳሆና በመካከለኛው አዋሽ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተከፈቱ። በኢኮኖሚ ሒሳብ ሲታይ ባዶ ሜዳ ለምቶ ነበር። ያ «ባዶ» የተባለው የወንዝ ዳር ግን የአፋር ከብት በጋውን የሚያልፍበት ሣር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ አፋሮች ከቀድሞው ሁሉ የከፋ እልቂት ደረሰባቸው። ከብቱ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም። ዝናብ መቅረቱ አዲስ አልነበረም፤ አዲሱ ነገር የመሸሻው መዘጋት ነበር።

«የድሮ ሰው ጥቂት ነበር፤ ዛሬ ሕዝቡ በዝቷል፣ መሬቱም ተይዟል። ኩሬ ለኩሬ እየዞሩ መኖር የለም። የ1977 ዓ.ም. ረሀብ ይፋትና ጥሙጋን ሲመታ ያ ሁሉ ጥበብ የት ነበር?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጥንቱ ሰውም ቢሆን ሁሌ አልተሳካለትም፤ ሰፈር ተፈትቷል፣ ሕፃናት ሞተዋል፣ አርኪዮሎጂ የሚያሳየን የተረፉትን ነው። ወደ ድሮው እንመለስ ማለትም ቀልድ ነው። ይሁን እንጂ የሕዝብ መብዛት የመያያዝን አስፈላጊነት አያጠፋውም፣ ይጨምረዋል። በ1977ቱ ረሀብም ጦርነት፣ የተዘጋ መንገድና የተቋረጠ ንግድ ከዝናቡ መቅረት ጋር ተደርበው ነበር። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2021 አጣዬ በግጭት ክፉኛ ስትጎዳ የተቃጠለው ቤትና ሱቅ ብቻ አልነበረም፤ የደጋውና የቆላው ሰው የሚገናኝበት መንገድም ለጊዜው ተዘግቷል። በዚህ አገር ሰላም ማለት የግብርና ግብዓት ነው፤ ከዘርና ከማዳበሪያ እኩል ሊቆጠር ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ተግባራዊ ነው። ለቆላ ልማት ሲታቀድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ መሬት ስንት ኩንታል ይሰጣል?» የሚለው ብቻ ከሆነ፣ አዋሽ ላይ የተሠራው ስሕተት ጨፋም ላይ፣ ሮቢ ዳርም ይደገማል። «ይህ መሬት በክፉ ዓመት ማንን ያስጠልላል? ከየትኛው መሬት ጋር ታስሮ ነው የሚኖረው?» የሚለው ጥያቄ አብሮ መነሣት አለበት። ረግረጉን አድርቆ ማረስ የአንድ ዓመት ምርት ሊጨምር ይችላል፤ በአሥር ዓመት አንዴ ለሚመጣው ድርቅ ግን የሁለት ሕዝብ ጎተራ ይዘጋል። የመስኖ ሽንኩርት ጥሩ ገንዘብ ነው፤ የማሽላውን ዘር፣ የማሾውንና የሽምብራውን ቅያሬ አስረስቶ ብቻውን ሲቀር ግን ገበሬውን ዓሣ ብቻ እንደነበረው የአቤ ዳር ሰው ያደርገዋል፤ ሐይቁ እስካለ ድረስ ብቻ የጠገበ።

የይፋትን ምድር ደረቅ ብቻ ብሎ መጥራት እንግዲህ ትክክል አይሆንም። ተለዋዋጭ ነው፤ በሺህ ዓመታት ሲለካም፣ ከሚያዝያ እስከ ኅዳር ሲለካም። ሰዉም እንደዚያው ሆኖ ኖሯል። ነገ በልጉ ከቀረ የማጀቴ ገበሬ የማሾ ዘሩን ማውጣቱ አይቀርም፣ የአፋሩ እረኛም ከብቱን ይዞ ወደ ጨፋ ማቅናቱ አይቀርም። የሚያጠራጥረው ሲደርስ ሣሩን በቦታው፣ መንገዱንም ክፍት አድርገን እንጠብቀው እንደሆነ ነው።